«ማን አስገደዳችሁ?» ለሚሉን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው ድጋፍ፣ ማለትም የደኅንነት ማሻሻያው፣ ካበቃ ወዲህ በየቢሮውና በየኮምፒውተር ጥገና ሱቁ አንድ ክርክር ሲነሳ እሰማለሁ። አንዱ «ይሄ ማይክሮሶፍት የሚሉት መፈናፈኛ አሳጣን እኮ» ይላል። ሌላው ቀበል አድርጎ «ማን አስገደደህ? ካልፈለግክ አትጠቀም፣ ሊኑክስ አለ፣ ማክ አለ» ይለዋል። ክርክሩ እዚያው ላይ ይዘጋል። የመጀመሪያው ሰው መልስ ያጣል። መልስ ግን አለ። ያውም የእኔ የግል አስተያየት ብቻ ሳይሆን በፍርድ ቤትና በመንግሥታት መዝገብ ላይ የሰፈረ መልስ ነው፤ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩትም ለዚህ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው፤ የእኛ ሲሆን እናገራለሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላጥራ። የማይክሮሶፍት ዕቃ አይረባም የሚል ክርክር የለኝም። ዕድሜውን ኤክሴል ላይ የጨረሰ የሒሳብ ሠራተኛ ጋ ሄዳችሁ «ሌላ ነገር ተጠቀም» ብትሉት አይሰማችሁም፣ እውነቱንም ነው። ለአማርኛም ቢሆን ውለታ አለው። ቪስታ ከተባለው የዊንዶውስ እትም ጀምሮ ኒያላ የሚባለው የግዕዝ ፎንት ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ መጣ። ከዚያ በፊት ፓወር ግዕዝ ወይም ቪዥዋል ግዕዝ ባልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ በእነሱ የተጻፈ ደብዳቤ ስትከፍቱ የሚመጣው የማይነበብ ዝብርቅርቅ እንደነበር የዚያ ዘመን ጸሐፊዎች ያስታውሳሉ። ስለዚህ የዕቃውን ጥራት እዚህ አላነሳም። የማነሳው ጥሩ ዕቃ የያዘ ኩባንያ የደንበኛውን እጅ ለምን ይጠመዝዛል የሚለውን ነው።

ይጠመዝዛል ስል በጉልበት ማለቴ አይደለም። ገበያውን የያዘ ኩባንያ «ግዛ!» ብሎ አይጮህብህም። የሚያደርገው እምቢ ማለትን ማስወደድ ነው። እምቢ ልትል ትችላለህ፣ ግን እምቢታህ ያከስርሃል፣ ወይ ሥራህን ያስተጓጉልብሃል፣ ወይ ከምትጻጻፋቸው ሰዎች ሁሉ ይነጥልሃል። «ማን አስገደደህ» የሚሉት ሰዎች የሚያልፏት ይህችን ነጥብ ነው።

ከድሮው ልጀምር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ማይክሮሶፍት ከኮምፒውተር አምራቾች ጋር የሚገባው አንድ ዓይነት ውል ነበር። አምራቹ የሚከፍለው በሚሸጠው ኮምፒውተር ቁጥር ልክ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የማይክሮሶፍት ሲስተም ተጫነም አልተጫነም ሒሳቡ ይቆጠራል። አምራቹ የሌላ ኩባንያ ሲስተም ልጫን ቢል ለዚያኛውም ይከፍላል፣ ለማይክሮሶፍትም ይከፍላል። ማንም አልከለከለውም። ግን ለአንድ ዕቃ ሁለቴ እየከፈለ የሚነግድ ነጋዴ የታለ? የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ጉዳዩን መርምሮ በ1994 ኩባንያው ይህን አሠራር እንዲያቆም በስምምነት አሰረው።

ከዚያ ኢንተርኔት መጣ፣ ኔትስኬፕ የሚባለው ብሮውዘር (የኢንተርኔት ገጽ መክፈቻ ፕሮግራም) ገነነ። ማይክሮሶፍት የራሱን ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ከዊንዶውስ ጋር አጣብቆ ማቅረብ ጀመረ። በ1998 የአሜሪካ መንግሥትና በርካታ ክፍላተ ግዛቶች ከሰሱት። ዳኛው ቶማስ ፔንፊልድ ጃክሰን በኖቬምበር 1999 ያወጡት የፍሬ ነገር ግኝት ዛሬም ድረስ የሚነበብ ሰነድ ነው፣ እንግሊዝኛ የሚያነብ ሁሉ ቢያገላብጠው ደስ ይለኛል። እኔ ከውስጡ ሁለት ታሪክ ብቻ ላንሳ።

የመጀመሪያው የአይቢኤም ነው። አይቢኤም በዚያን ጊዜ ኮምፒውተር ይሸጥ ነበር፣ ለኮምፒውተሮቹም ዊንዶውስ ያስፈልገዋል። ግን ደግሞ ኦኤስ/2 የሚባል የራሱ ሲስተምና ስማርትስዊት የሚባል ከኦፊስ ጋር የሚፎካከር ፕሮግራም ነበረው። ዊንዶውስ 95 ሊወጣ ሲል ሌሎቹ አምራቾች ላይሰንሳቸውን ይዘው ኮምፒውተራቸውን ሲያዘጋጁ የአይቢኤም ድርድር ለማይክሮሶፍት በከፈለው የላይሰንስ ሒሳብ ላይ በቆየ ምርመራ ምክንያት ተጓተተ። በመሐል ማይክሮሶፍት «ስማርትስዊትን ለጊዜው ከኮምፒውተሮችህ ጋር አታቅርብ፣ የሒሳቡን ነገር እንጨርሳለን» የሚል መንገድ አቀረበ። አይቢኤም አልተስማማም። ላይሰንሱ የተፈረመው ኦገስት 24 ቀን 1995 የምረቃው ዝግጅት ሊጀመር 15 ደቂቃ ሲቀረው ነው። አስራ አምስት ደቂቃ! ተፎካካሪዎቹ ዊንዶውስ 95 የተጫነበት ኮምፒውተር መደርደሪያ ላይ ደርድረው ሲሸጡ፣ ዓለም ላይ ከታወቁት የኮምፒውተር ኩባንያዎች አንዱ የሆነው አይቢኤም የትምህርት መክፈቻው ገበያ አመለጠው። አይቢኤምን ማን አስገደደው? ማንም። ተፎካካሪ ዕቃ መያዙ ብቻ አስቀጣው።

ሁለተኛው የኮምፓክ ነው። ኮምፓክ በጊዜው ከሁሉ በላይ ኮምፒውተር የሚሸጥ ድርጅት ነበር። ፕሬዛሪዮ በሚባሉት ኮምፒውተሮቹ ላይ የኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን ምልክት ከዴስክቶፑ አንስቶ የኔትስኬፕን አደረገ። የራሱ ዕቃ ነው፣ የራሱ ደንበኛ ነው። በ1996 ከማይክሮሶፍት ደብዳቤ መጣለት፤ ምልክቱን ካልመለስክ የዊንዶውስ ላይሰንስህን አቋርጣለሁ የሚል። ኮምፓክ መለሰው። ምን ያድርግ? ያለ ዊንዶውስ ኮምፒውተር ሸጦ ሊኖር አይችልም። አንዲት የጣት ጥፍር የማታህል ምልክት ናት፣ ግን የኩባንያው ሕልውና ተያዘባት። ትልቁ ኮምፓክ እንዲህ ከሆነ የእኔና የእናንተ መሥሪያ ቤት ምን ሊል ይችላል?

ማይክሮሶፍት በፍርድ ቤት ያነሳው ዋና መከራከሪያ ብሮውዘሩና ዊንዶውስ አንድ አካል ናቸው፣ ቢለያዩ ሲስተሙ ይጎዳል የሚል ነበር። ኤድዋርድ ፌልተን የሚባሉ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ መምህር ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን ከዊንዶውስ የሚያወጣ ፕሮግራም ጽፈው ለመንግሥት መሰከሩ። ኩባንያው ደግሞ ይህ ፕሮግራም ዊንዶውስን ያበላሻል ብሎ በቪዲዮ ማስረጃ አቀረበ። የመንግሥት ጠበቃ ዴቪድ ቦይስ ቪዲዮውን እያስቆሙ ሲያሳዩ በመስኮቱ አናት ላይ ያለው ጽሑፍ ከተባለው ነገር ጋር የማይገጥም ሆነ። ምስክር ሆነው የቀረቡት የኩባንያው ከፍተኛ ኃላፊ ቪዲዮው ስህተት እንዳለበት ለማመን ተገደዱ። ይህን የማነሳው ለማሳጣት ብዬ አይደለም። «አይቻልም» የሚለው ቃል ከኩባንያው አፍ ሲወጣ ምን ያህል መመርመር እንዳለበት ስለሚያሳይ ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

በ2000 ዳኛው ኩባንያው ለሁለት ይከፈል ብለው ወሰኑ። በ2001 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የመክፈሉን ትእዛዝ ሻረው። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ይህን ብቻ ነው፣ «ማይክሮሶፍት እኮ ነፃ ወጣ» ይላል። አልወጣም። ሰባቱም ዳኞች በአንድ ድምፅ፣ ኩባንያው ሞኖፖሊውን ሕገወጥ በሆነ መንገድ ጠብቆ ቆይቷል የሚለውን ፍርድ አጽንተዋል። የተሻረው ቅጣቱ ነው። ኔትስኬፕ ግን እስከዚያ ድረስ ኤኦኤል ለሚባለው የኢንተርኔት ኩባንያ ተሽጦ አልቆለት ነበር።

አውሮፓ ውስጥ የሆነው ደግሞ ለእኛ የበለጠ ያስተምራል። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2004 የሙዚቃና የቪዲዮ ማጫወቻውን ሚዲያ ፕሌየርን ከዊንዶውስ ጋር በማጣበቁና ለተፎካካሪ ሰርቨሮች የሚያስፈልገውን መረጃ በመከልከሉ ኩባንያውን 497 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው። በ2007 ፍርድ ቤት አጸናው። በ2009 ኩባንያው ለአውሮፓ ተጠቃሚዎች ብሮውዘር የሚያስመርጥ ገጽ ለማሳየት ቃል ገባ። ገጹ መጣ፣ ፋየርፎክሱም ክሮሙም ኦፔራውም እዚያ ተደርድረው ሰው እንዲመርጥ ሆነ። ከዚያ በአንድ የዊንዶውስ 7 አፕዴት ላይ ገጹ ጠፋ። ከአንድ ዓመት በላይ ጠፍቶ ቆየ። 15 ሚሊዮን የሚሆኑ ተጠቃሚዎች ምርጫው ሳይታያቸው ቀረ። ኩባንያው የቴክኒክ ስህተት ነው አለ፣ በ2013 ደግሞ 561 ሚሊዮን ዩሮ ተቀጣ።

«ይህ የድሮ ታሪክ ነው፣ ኩባንያው ተለውጧል» የሚል ይኖራል። እሺ፣ ወደ ቅርቡ እንምጣ።

በ2017 ቲምስ የሚባለው የስብሰባና የመልእክት ፕሮግራም ከኦፊስ ጋር ተጠቅሎ መሰጠት ጀመረ። ቢሮው ኦፊስን ከከፈለ ቲምስም ገብቷል። ታዲያ ስላክ ለሚባለው ተፎካካሪ ፕሮግራም ለብቻው ማን ይከፍልለታል? ስላክ በ2020 ለአውሮፓ ኮሚሽን አቤት አለ። እዚህ አገር ዘይት በጠፋበት ሰሞን «ዘይቱን ከፈለግክ ይህንንም አብረህ ውሰድ» የሚል ባለሱቅ ስንቱን እንዳበሳጨ ሁላችንም እናውቃለን፤ ነገሩ ከዚያ አይለይም፣ የተጠቀለለው ዕቃ ጥሩ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ። ኮሚሽኑ በ2023 ምርመራ ሲከፍት ኩባንያው በአውሮፓ ኦፊስን ያለ ቲምስ በቅናሽ መሸጥ ጀመረ፣ በቀጣዩ ዓመት በሌላውም ዓለም እንዲሁ አደረገ። በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ ጉዳዩ የሚያስገድድ ቃል ኪዳን ተገብቶበት ተዘጋ።

አውስትራሊያም አለች። የአገሪቱ የውድድርና የሸማቾች ኮሚሽን በኦክቶበር 2025 ማይክሮሶፍትን ፍርድ ቤት አቁሞታል። ክሱን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ኩባንያው ኮፓይለት የሚባለውን ኤአይ በማይክሮሶፍት 365 ውስጥ አስገባና የግለሰቡን የዓመት ክፍያ ከ109 ወደ 159 የአውስትራሊያ ዶላር አሳደገ። ለደንበኞች የተላከው ኢሜይል የሚለው፦ ዋጋው ይህን ያህል ሆኗል፣ ካልፈለጋችሁ አቋርጡ። ሁለት ምርጫ ብቻ ያለ ይመስላል። ግን ሦስተኛም ነበር። ኮፓይለት የሌለበት፣ በድሮው ዋጋ የሚሄድ «ክላሲክ» የሚባል ምርጫ። የት ነበር? «አቋርጥ» የሚለውን ተጭኖ ወደ ማቋረጡ ሒደት ለገባ ሰው ብቻ ነበር የሚገለጥለት። እንደ ኮሚሽኑ ክስ 2.7 ሚሊዮን የሚሆኑ ደንበኞች በዚህ መንገድ ተሳስተዋል። ፍርዱ የፍርድ ቤቱ ነው፣ ኩባንያው ግን ከክሱ በኋላ ለደንበኞቹ ይቅርታ ጠይቆ ወደ ክላሲክ ለሚዞሩት ልዩነቱን እንደሚመልስ አስታውቋል። እኔን የሚከነክነኝ የ50 ዶላሩ ጭማሪ አይደለም። ኩባንያ ዋጋ ሊጨምር ይችላል። ደንበኛው ጥሎ ለመሄድ እግሩን ሲያነሳ ብቻ የምትታይ በር ሆን ብሎ መሥራት ነው የሚከነክነኝ።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አበቃ፣ በእኛ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ማለት ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል፣ ፕሮሰሰሩም ኢንቴል ከሆነ ስምንተኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ በላይ ይላል። አገራችን ውስጥ በሥራ ላይ ያለው ኮምፒውተር ምን ዓይነት እንደሆነ የምታውቁት ታውቃላችሁ። ከዱባይ የሚመጣው፣ ከአሜሪካ ዘመድ የሚልከው፣ «ስላይትሊ ዩዝድ» እየተባለ የሚሸጠው ላፕቶፕ ብዙው ኮር አይ ፋይቭ ስድስተኛ ጄኔሬሽን ነው፣ ሰባተኛ ነው። ራሙ ጥሩ፣ ኤስኤስዲ የገባለት፣ ለደብዳቤና ለሒሳብ ሥራ ገና አምስት ዓመት የሚያገለግል። ይህ ማሽን በኩባንያው መስፈርት መሠረት ዊንዶውስ 11ን አይቀበልም። ተማሪ ከቤተሰቡ ጋር ተጋግዞ የገዛው ነው። ወረዳ ጽሕፈት ቤት በስንት ደብዳቤ ያስፈቀደው ነው።

ደኅንነት ነው ይላሉ። የደኅንነቱን ጉዳይ አላናንቀውም፣ ቺፑ ጥቅም አለው። ግን እዩ ከዚያ በኋላ የመጣውን። ለግለሰብ ተጠቃሚ አንድ ዓመት የደኅንነት አፕዴት እንጨምርላችኋለን አሉ። መንገዱ ሦስት ነው፦ 30 ዶላር መክፈል፣ በኩባንያው አገልግሎቶች በመጠቀም ከሚጠራቀመው የማይክሮሶፍት ሪዋርድስ 1,000 ነጥብ ማምጣት፣ ወይም በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ የኮምፒውተሩን ሴቲንግ ወደ ኩባንያው ክላውድ (በኢንተርኔት ወዳለው ማከማቻው) ባክአፕ ማድረግ። አካውንት ከሌለህ ክፈት ነው፣ ክላውዳችንን ካልተጠቀምክ ተጠቀም ነው። አፕዴቱ ተሠርቶ አልቋል፣ የሚያስከፍሉህ ገንዘብ ካልሆነ በሌላ ዕቃቸው ተጠቃሚ በመሆን ነው። ለድርጅቶች ደግሞ ለአንድ ኮምፒውተር በመጀመሪያው ዓመት 61 ዶላር፣ በየዓመቱም እጥፍ ነው። ዶላሩን በብር መንዝሩት። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው አሠራር ከተለወጠ ወዲህ በዶላር የተጻፈ ዋጋ ሁሉ እዚህ ምን እንደሚሆን ለጋዜጣው አንባቢ መንገር አያስፈልገኝም።

ከዚያ ምን ሆነ? ዩሮኮንሲዩመርስ የሚባለው የአውሮፓ የሸማቾች ማኅበራት ስብስብ ይህ አሠራር ትክክል አይደለም ብሎ ኩባንያውን ሞገተ። በሴፕቴምበር 2025 ማይክሮሶፍት በአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጣና ላሉ ግለሰቦች አፕዴቱን ያለ ክፍያ፣ ባክአፕ የማድረግ ግዴታም ሳይኖርበት እንደሚሰጥ አስታወቀ። በአካውንት መግባቱ አልቀረም፣ ሌላው ግን ተነሳ። ያው አፕዴት ነው። ያው ዊንዶውስ 10 ነው። በርሊን ያለው ሰው ከክፍያውም ከባክአፑም ተገላገለ፣ ባሕር ዳር ያለው አልተገላገለም።

ኤጅ በሚባለው የማይክሮሶፍት ብሮውዘርም ይኸው ነው። ኤጅን ከዊንዶውስ ላይ አራግፎ ማውጣት አይቻልም ነበር። የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል ገበያዎች ሕግ ሲመጣ በ2024 አውሮፓ ውስጥ ማራገፍ ተቻለ። የቴክኒክ እንቅፋት ቢሆን ኖሮ ድንበር ሲሻገር አይጠፋም ነበር። ለዚህ ነው ቅድም ያ የፍርድ ቤት ቪዲዮ ላይ የቆየሁት። ኩባንያው «አይቻልም» ያለው ነገር ጠንካራ ተቆጣጣሪ ፊት ሲቆም ይቻላል፣ ተቆጣጣሪ በሌለበት አገር ግን እንዳለ ይቀጥላል። «ማን አስገደደህ?» ላለኝ ሰው መልሴ ይኸው ነው፦ ግዴታ ባይኖር ኖሮ ለአውሮፓውያን የሚነሳላቸው ምን ነበር?

«እኛ እኮ ክራክ (ሳይከፈልበት የተጫነ ቅጂ) ነው የምንጠቀመው፣ ምን አገባን?» የሚለውንም እሰማለሁ። ፎርማት አድርጎ ዊንዶውስ መጫን ትንሽ ብር በሚከፈልበት አገር ይህ ክርክር ቢነሳ አይገርመኝም። ግን ቢል ጌትስ በ1998 በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ መድረክ ላይ ስለ ቻይና የተናገሩትን አስታውሱ። ሰዎቹ ሶፍትዌር መስረቃቸው ካልቀረ የእኛን ቢሰርቁ እንመርጣለን፣ ይለምዱታል፣ ከዚያ በሚቀጥለው አሥር ዓመት እንዴት እንደምናስከፍላቸው እናስብበታለን፤ የንግግራቸው መንፈስ ይህ ነበር። በግልጽ ነው የተናገሩት። ስለዚህ በነፃ የመጣ የሚመስለው ልማድ ሒሳቡ ኋላ ነው የሚመጣው። እኛ አገር ሒሳቡ እየመጣ ነው። ባንኮችና ትልልቅ ድርጅቶች ኦሪጅናል ላይሰንስ መግዛት ጀምረዋል፣ ዕርዳታ ሰጪዎች ይጠይቃሉ፣ ክላውድ ላይ ደግሞ ክራክ የሚባል ነገር የለም። ትውልድ በሙሉ ኮምፒውተር ማለት ዊንዶውስ፣ መጻፍ ማለት ወርድ ነው ተብሎ ከሠለጠነ በኋላ ዋጋው የፈለገውን ቢሆን የት ይሄዳል?

መውጣቱ ቀላል ነው ብዬ አላሞኛችሁም። የጀርመኗ ሙኒክ ከተማ በ2003 ወደ ሊኑክስ ለመሄድ ወስና ዓመታት ለፍታ በ2017 ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወሰነች። የጀርመኑ ግዛት ሽሌስቪግ ሆልሽታይን ግን በ2024 30,000 የሚሆኑ የመንግሥት ኮምፒውተሮችን ሊብሬኦፊስ ወደሚባለው ነፃ የቢሮ ፕሮግራም ለማዞር ተነስቶ፣ በ2025 ኢሜይሉን ጭምር ከማይክሮሶፍት አውጥቷል። ሀብታሞቹ እንዲህ ከታገሉ እኛ ነገ ማርሽ ቀይረን እንወጣለን ማለት አይደለም። የእኛ ችግር ከዚያ በታች ካለ ቦታ ይጀምራል። ከአንድ መሥሪያ ቤት የሚላክላችሁን ፎርም አስቡት፣ ሠንጠረዥ ያለው፣ በወርድ የተሠራ። በሊብሬኦፊስ ስትከፍቱት ሠንጠረዡ ይንሸራተታል፣ ማኅተም የሚያርፍበት ቦታ ወደ ሚቀጥለው ገጽ ይወርዳል፣ ፎንቱ ይቀየራል። ፎርሙን የሚቀበለው ሠራተኛ «ይሄ የእኛ ፎርም አይደለም» ብሎ ይመልሳችኋል። ዜጋው መብቱ የሆነ አገልግሎት ለማግኘት የአንድ የግል ኩባንያ ፕሮግራም ያስፈልገዋል ማለት ነው። ይህን የሚያስገድደው ማይክሮሶፍት እንኳ አይደለም፣ የራሳችን ቢሮ ነው። ኦዲኤፍ የሚባለው ክፍት የሰነድ ፎርማት ከ2006 ጀምሮ ዓለም አቀፍ ደረጃ ወጥቶለታል። ቢያንስ ለሕዝብ የሚሰጥ ፎርም በእሱ ወይም ሊሞላ በሚችል ፒዲኤፍ አብሮ ቢቀርብ ምን ይጎዳል?

ጨረታውም እንደዚሁ ነው። ዝርዝር መግለጫው ላይ ዕቃው የሚሠራውን ሥራ ከመጻፍ ይልቅ የምርቱን ስም የሚጽፍ መሥሪያ ቤት አለ። «ማይክሮሶፍት ኦፊስ የተጫነበት» ተብሎ ከተጻፈ ተወዳድሮ የሚገባ ሌላ ማን አለ? ቢያንስ «ወይም ተመጣጣኝ» የምትለዋ ቃል ትጨመር።

ሕግ የለንም ማለት አይቻልም። በእኛ አቆጣጠር በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 የገበያ የበላይነትን አላግባብ መጠቀምን ይከለክላል። ኢትዮጵያ ለብቻዋ ለእንዲህ ዓይነት ኩባንያ ትንሽ ገበያ ናት ለሚለውም መልስ አለ። አባል የሆንበት የምሥራቅና የደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ (ኮሜሳ) 21 አገሮችን ይዟል፣ በማላዊዋ ሊሎንግዌ የውድድር ኮሚሽን አለው፣ የገበያ የበላይነትን አላግባብ መጠቀምም ሥልጣኑ ውስጥ ነው። አውሮፓውያኑ ያገኙትን ያገኙት ተሰብስበው በአንድ ድምፅ ስለጠየቁ ነው።

ስለዚህ ጋዜጣችሁ አንድ ሥራ ቢሠራልን እወዳለሁ። የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴርን ሁለት ነገር ጠይቁልን። አንደኛ፣ ለአውሮፓ ተጠቃሚ የተነሳው የአፕዴት ቅድመ ሁኔታና የኤጅ ማራገፍ ለኢትዮጵያ ተጠቃሚም እንዲሆን ለኩባንያው በይፋ ለመጻፍ ወይም ጉዳዩን ወደ ኮሜሳ ለመውሰድ ያሰበ ሰው አለ ወይ? ሁለተኛ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በዓመት ለዚህ ኩባንያ ላይሰንስ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍሉት ስንት ነው፣ ውላቸውስ ሲያልቅ ሰነዶቻቸውን ይዘው መውጣት እንደሚችሉ ይላል ወይ? መልሱን ካገኛችሁ አትሙልን። መልስ ከተከለከላችሁም መከልከላችሁን አትሙልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ